የአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ስለት

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ የግሸን ስለት አለባቸው አሉ። ጦርነቱ ሐይቅ የደረሰ ጊዜ ከአምባሰል ተራራ ሥር አንድ ዋሻ ውስጥ ተወሽቀው ሳለ፣ ከባድ መሣሪያ በላያቸው ሲያፏጭ፣ ፊታቸውን ወደ ግሸን አዙረው «እመቤቴ፣ ከዚህ በሕይወት ካወጣሽኝ ከእንግዲህ በሥሬ ያለ ሰው አልሰድብም» ብለው ተሳሉ አሉ። ወሬውን ሐይቅ ውስጥ ያልሰማ የለም። ያመነው ግን ለጊዜው አልተገኘም።

የሂሳብ ሠራተኛቸው ስህን ከማያምኑት አንዷ ነበረች። እንዴት ትመን? ወሬውን የሰማችው በሻይ ሰዓት ነው፤ ከሻዩ በፊት «ደንቆሮ» ተብላለች፣ ከሻዩ በኋላ ደግሞ «አንቺን ያስመረቀ ዩኒቨርሲቲ ይዘጋ» ተባለች።

መቼም በዚህ አገር ደመወዝ የበላ ሁሉ አንድ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ያውቃል። መንግሥት ይለወጣል፣ ማኅተም ይቀየራል፣ የግድግዳው ፎቶ ይወርዳል ይሰቀላል፤ እሳቸው ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም። ለውጡ የመጣ ሰሞን ደሴ ወጥተው ስለ መልካም አስተዳደር ሠልጥነው ተመልሰዋል። የምስክር ወረቀቱን ያሰቀሉት ከራሳቸው ጀርባ ነው፤ የሚሰደበው ሰው እያነበበ እንዲሰደብ።

ማዕረጋቸው የአንድ አነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋም የሐይቅ ቅርንጫፍ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ነው። ጦርነቱ ኮምፒውተሩን ከነጠረጴዛው ከጫነው ወዲህ ግን ክፍሉ ማለት የተለቀሙ ወንበሮችና የእሳቸው ድምፅ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ፣ ዓሣው ወደ ሐይቁ ጥልቅ የሚወርደው እሳቸው ቢሮ ሲገቡ ነው ይላሉ።

ስህን የውጫሌ ልጅ ናት። አባቷ የእህል ወፍጮ ነበራቸው። ጦርነቱ ሞተሩን ነቅሎ ሲሄድ፣ እሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መንገድ ማየት ጀመሩ፤ እስካሁንም እያዩ ነው። ቤቱ የሚያድረው በእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና የሙከራ ሠራተኛ ናት። መስከረም ሲያልቅ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ «ትቀጥል» ካሉ ትቀጥላለች፣ «ትሂድ» ካሉ ትሄዳለች።

ስድቡንስ በስንት ጣሩ ለመደችው። ያልለመደችው በሩን ነው። ሰውየው ሲሳደቡ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ነበር፤ ደጅ አግዳሚ ላይ የሚጠብቀው ባለጉዳይ እኩሌታው የውጫሌ ሰው ነው። ጠዋት የተሰደበችው ስድብ ማታ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል።

«ሥራ እንዴት ነው?» አሏት አባቷ አንድ ቅዳሜ።

«ደህና ነው አባባ።»

«ሰውየው ያከብሩሻል?»

«በጣም።»

አባትየው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ሰምተዋል።

የስድብ አያያዝ ያስተማራት ገንዘብ ያዡ ኢስሃቅ ነው። የወሎ ልጅ ስለሆነ ነገሩን በቅኝት ከፋፍሎ ነበር የሚያስረዳት።

«ሲጀምሩ በትዝታ ነው፤ ‹በኛ ጊዜ› ይላሉ። እዚህ ላይ ራስሽን እየነቀነቅሽ ስሚ። ከዚያ አምባሰል ይወጣሉ፣ ድምፁ ይረዝማል፤ አንቺ በሆድሽ ገበያ ዋዪ። ወደ ባቲ ከዞሩ ግን ወላሂ፣ ተነሺና ሽንት ቤት ግቢ።»

«ሽንት ቤት አንተ ካለህስ?»

«ወረፋ ትጠብቂያለሻ።»

ሞከረችው። ሽንት ቤት ገብታ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ትወጣለች። በኋላ «ሳሙናውን የምትጨርሰው ማናት?» ተብሎ በዚያም ተሰደበች።

በስለቱ ያመኑት ጽዳቷ እትዬ መሪማ ብቻ ነበሩ።

«የግሸን ስለት ዋዛ አይደለም ልጄ። እኔ ራሴ እስላሟ፣ መውለድ ያቃተኝ ጊዜ ተስዬ፣ ይኸው ጃንጥላ አግብቼ ልጅ አገኘሁ። እሳቸውንም ይይዛቸዋል። አብሽሪ።»

«ታዲያ አምና የተሳሉ ሰውዬ እስካሁን ለምን ይሰድቡኛል?»

«ስለት የሚገባው በቀኑ ነዋ። መስከረም ሃያ አንድ እስኪደርስ የቀራቸውን ሰድበው እየጨረሱ ነው።»

ይህ ክርክር ስህንን ረታት። እስከ ግሸን ልቻለው አለች።

በበዓሉ ሰሞን ጦርነቱ እንደገና አገርሽቶ ነበር። የተሳላሚው አውቶቡስ ወደ ግሸን፣ የወታደሩ ካሚዮን ወደ ሰሜን፣ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይናገሩ ፈቃድ ወጡ። የት እንደሚሄዱማ አገር ያውቃል።

ሲመለሱ ነጠላቸውን እስከ ጉንጫቸው ተከናንበው ገቡ። «እንዴት አደራችሁ» አላሉም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ኢስሃቅ ለሙከራ አርፍዶ መጣ። ዝም። ስህን ዴቢቱን በክሬዲቱ ቦታ አስገብታ አቀረበች። ስህተቱን በጣታቸው አሳይተው መለሱላት። እትዬ መሪማ ኮሪደሩ ላይ እጃቸውን በአፋቸው ጭነው እልል አሉ።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ መሰለ። ኢስሃቅ ሳምቡሳ ጋበዘ፣ ስህን በሥራዋ ሰዓት ሳቀች።

በማግስቱ ግን ጩኸቱ የሸፈነው ሁሉ ብቅ ብቅ ይል ጀመር። አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው ካሚዮን መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው ይሰማል። ለካ ሁልጊዜም ያልፍ ኖሯል። ኢስሃቅ ብር መቁጠሩን አቁሞ የስህንን ወንበር ሲያይ ቆየና «ምስክር እዚህ ጋ ሲሠራ እግሩን ያወዛውዝ ነበር» አለ። ምስክር ከእሷ በፊት የነበረው የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ጦርነቱ ሐይቅ ሲገባ እንደ ሰው ሁሉ ሸሸ፣ እንደ ሰው ሁሉ ግን አልተመለሰም። ስህን ሥራ ከገባች ወዲህ ስሙ ሲነሳ የዚያን ቀን ገና መስማቷ ነው። እትዬ መሪማ መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ስልካቸውን ያያሉ። ያ ተስለው ያገኙት ልጅ ዘምቷል፤ ስልኩም ጥሪ አይቀበልም።

«ምነው አንዴ እንኳ በጮሁ» አሉ እትዬ መሪማ።

ማንም አልሳቀም። ስህን ያንኑ ስታስብ ነበር። ሰውየው ሲጮሁ ቢያንስ ሁሉም የሚፈራው አንድ የታወቀ ነገር ነበረው፤ በሦስት ሰዓት ይጀምራል፣ ለምሳ ይቆማል።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ስለቱን ተማምና ገባች። በሩን ራሷ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ካስቀጠሉኝ አንድ ነገር ልለምንዎ። የተሳሉትን አውቃለሁ፤ ግን ሰው ነዎትና ምናልባት ከረሱት… ሲሰድቡኝ በሩ ይዘጋልኝ። አባቴ ይሰማሉ።»

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ነጠላውን ፈቱት። ግራ ጉንጫቸው ድፎ ዳቦ አክሏል።

«ምን ስለት?» አሉ፣ በአፋቸው ጥግ።

ከዋሻው ጀምራ ነገረቻቸው። ነጠላውን እያጣጠፉ ሰሟት።

«ትቀጥያለሽ» አሉ። «ባዶ ወንበር ማየት አልወድም። በሩም ይዘጋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ቆይ። ሌላው ውሸት ነው። ግሸን አልሄድኩም፤ ደሴ መንጋጋዬን ሳስነቅል ነው የሰነበትኩት። ዋሻም አልገባሁም። ኮምቦልቻ እህቴ ቤት አልጋ ሥር ነበርኩ፤ ምላሴ ተሳስሮ እንኳን ልሳል የእመቤቴን ስም መጥራት አቅቶኝ ነበር። ሰው አልሰድብም ብዬ ለማንም ቃል አልገባሁም። እብጠቱ ይውረድና ታያላችሁ።»