ጋሽ ሽባባውና የያፋው ትምህርት ቤት

ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ማኅበረሰብ ሁሉ አንድ የታሪክ አዋቂ ይታዘዝለታል። ብዙ ታሪክ የሚያውቅ ሰው አያስቸግርም፤ አንዱን ሲጀምር ሌላው ትዝ ይለውና ይተወዋል። መከራው አንድ ታሪክ ብቻ የሚያውቀው ነው። ያችኑ አንዲት ታሪክ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለጥርስ ሕመምም ያመጣታል። ለእኛ፣ ሆላንድ ውስጥ ለሮተርዳም ዙይድ ሰፈር ሰዎች፣ የታዘዙልን ክቡር ጋሽ ሽባባው ነበሩ።

ጋሽ ሽባባው ሥራቸው ወደቡ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ልባቸው ግን ያፋ ይኖራል። በወጣትነታቸው ለእርሻ ትምህርት ተልከው ሁለት ዓመት እስራኤል ቆይተዋል። ስለ እርሻው አንድም ቀን ሲያነሡ አልሰማሁም። ይዘው የተመለሱት የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው፤ ያኔ ዘጠና ዓመት ግድም የሆነው፣ ያፋ ከተማ የተከፈተ፣ ትምህርቱን ሁሉ በዕብራይስጥ የሚሰጥ የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ።

«አንድ አስተማሪና ሚስቱ፣ ባለ ሁለት ክፍል መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ!» ይላሉ። «ተማሪው አሥራ ሰባት! መጽሐፍ የለ! ለሒሳቡ ቃል የለ፣ ለኬሚስትሪው ቃል የለ! ቃሉን እየፈጠሩ አስተማሩ!» ከዚያ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ «ቋንቋ አይሰንፍም፤ የሚሰንፈው ሰው ነው!»

ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው ዕለት ትምህርት ቤቱ «ጂምናዚየም» እንደሚባል ነገሩኝ። የስፖርት አዳራሽ መሰለኝና፣ የተማረ ሰው ጥያቄ ለመጠየቅ ያህል፣ «ኳስ ነው ወይስ ቦክስ?» አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና ታሪኩን ከሀ ጀመሩልኝ።

የሰፈራችን ልጅ የጸሐይወርቅ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን እንዲመርቁ ቢጋበዙ፣ «እንደ ያፋው አስተማሪና እንደ ሚስቱ ያድርጋችሁ!» አሉ። ሙሽራው አዲሱ ቤቱ ትምህርት ቤት ሊሆንበት መስሎት ደነገጠ። ጎረቤታችን ሰዒድ ደግሞ አንድ ቀን ሜትሮ ጣቢያ ላይ፣ ጉሮሮው እንደታመመ፣ «ሃይስአርትስ ጋ አፍስፕራክ አለኝ» ብሎ ደች ቀላቅሎ ተሳሳተ። «‹ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ› በል እንጂ!» ብለው ጋሽ ሽባባው በዚያ በታመመ ጉሮሮው ሲያስደግሙት ሜትሮው አመለጠው።

እንዲህ ያለ ሰው ትምህርት ቤት መክፈቱ አይቀርም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ አዳራሽ አንድ ክፍል ለምነው አገኙ። እኛም ፊደል የሚያስቆጥሩ መስሎን ልጆቻችንን ላክን። እሳቸው ግን፣ «ፊደል መነሻ ነው፤ እኛ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ነው!» አሉ። አስተማሪ ሲፈልጉ ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የፍሳሽ ቱቦ የምነድፍ መሐንዲስ ነኝ፤ ይህንንም በተሰበሰብንበት ሁሉ ሳልጠየቅ የምናገር ስለሆንኩ ማምለጫ አልነበረኝም።

«ኢንጂነር ፈቃደ! የያፋው የሒሳብ መምህር አንተ ነህ!» አሉኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቆየ።

ስለ ክፍልፋይ ላስተምር ገባሁ። «የላይኛው ቁጥር ላዕል፣ የታችኛው ታህት ይባላል» አልኩ፣ እኔም ገና ከመጽሐፍ እንዳገኘሁት ሳላስነቃ። የአሥር ዓመቷ ልጄ ሊና እጇን አወጣች።

«አባዬ፣ ታህት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከታች ያለው ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ‹ታች› አትለውም?»

ጋሽ ሽባባው ከኋላ ተቀምጠው በተስፋ ይመለከቱኛል። እኔ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ፤ የተጻፈበት ነገር እንኳ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ልጆቹ ይችሉት ነበር። ያልቻሉት ሕጉን ነው። «ያፋ ላይ በእረፍት ሰዓት እንኳ ከዕብራይስጥ ሌላ አይሰማም ነበር» ብለው ጋሽ ሽባባው ደች ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ እረፍቱ የለቅሶ ቤት ሆነ። ልጆቹ ብስኩታቸውን ይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው ዝም ብለው ይተያያሉ። የሰዒድን ልጅ ሙዓዝን አንዱ እግሩን ቢረግጠው በደች «አው!» ብሎ ጮኸ። «‹ወይኔ!› ነው የሚባለው» አሉት ጋሽ ሽባባው።

በሳምንቱ ሙዓዝ ቀረ። ሰዒድ ብቻውን መጣና በትሕትና እንዲህ አለ፦

«ጋሽዬ፣ አይቀየሙኝ። ልጄ ድሮ ከእናቱ ጋር በአማርኛ ያወራ ነበር። አሁን እሱንም ተወ።»

ከሙዓዝ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። የአዳራሹ ኃላፊም ተማሪው እንዲህ ከሳሳ ክፍሉን ለቢሊያርድ ተጫዋቾች እንደምትሰጥ ተናገረች። ቤቴ ስገባ ሊናም፣ «እኔም አልሄድም። ሽባባው ይቆጣል፤ አንተ ደግሞ አሰልቺ ነህ» አለችኝ። «‹ጋሽ ሽባባው ይቆጣሉ› ነው የሚባለው» ብዬ ሳርማት ስለ እኔ ያለችው ዘግይቶ ደረሰኝ።

ባለቤቴ ዓለምወርቅ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ትሠራለች። በዚያው ሰሞን አንድ ወሬ ይዛ መጣች፦ ሜቭራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ሮዛ የሚባሉ የሰማንያ ሰባት ዓመት ሴትዮ በልጅነታቸው የተማሩት እዚያው የጋሽ ሽባባው ትምህርት ቤት ነው፤ ከያፋ ወደ ቴል አቪቭ ከተዛወረ በኋላ። ልቤ ዘለለ። ጋሽ ሽባባውን የሚያርም ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው! ራሴ ቀጠሮ አስያዝኩላቸው፤ እሳቸው ግን ደግነት መሰላቸው።

ክራቫት አስረው፣ ቱሊፕ ታቅፈው መጡ። ባቡሩ ውስጥ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ዕብራይስጥ ይለማመዳል። እኔ ቲያትር እንደሚሄድ ሰው ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ሜቭራው ሮዛ መስኮት ሥር ጠበቁን። ጋሽ ሽባባው ጎንበስ ብለው በዕብራይስጥ ሰላምታ ሲያቀርቡ አሮጊቷ ክው አሉ። ከዚያ እጃቸውን ይዘው ብዙ ተናገሩ፤ አንዱም አልገባኝ። እኔና ዓለምወርቅ መኖራችን ትዝ ሲላቸው ወደ ደች ዞሩ። ይህን ጊዜ አላስችል አለኝና፣ «በእረፍት ሰዓትስ በምን ቋንቋ ነበር የምታወሩት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በእረፍት?» ሜቭራው ሮዛ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ከኦዴሳ የመጣነውማ በሩሲያኛ ነበር! የምንሰዳደበውም በሩሲያኛ። አስተማሪያችን ይከለክለን ነበር፤ ሲብስበት ግን የሚከለክለንም በሩሲያኛ ነበር!»

ዓለምወርቅ ሳቀች። ጋሽ ሽባባው ቀስ ብለው ወንበር ያዙና ጠየቁ።

«ታዲያ ዕብራይስጡ መቼ በአፋችሁ ገባ?»

«አንድ ቀን አንዲት ልጅ በአስተማሪያችን አፍንጫ ቀለደች፤ በዕብራይስጥ። ቀልዱ በሩሲያኛ አያስቅም ነበር። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ማን አስቁሞን!»

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ድሌን ላጣጥም አሰብኩ፤ ግን አልጣመኝም። ጋሽ ሽባባው ያለ ያፋ ታሪክ ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ዴልፍትን እንዳለፍን፣ «ልጆቹን አፋቸውን ለጉሜ ኖሯል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ዓለምወርቅ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ጋሽዬ፣ እኔም እኮ አሰልቺ ነህ ተብያለሁ» አልኩ ላጽናናቸው።

ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ።

በማግስቱ በየቤቱ ዞሩ። ሰዒድ ቤት ገብተው ሙዓዝን ፊት ለፊት፣ «‹አው› በል ልጄ፤ በአማርኛም የሚያም በደችም የሚያም ያው እግር ነው» አሉት። ሙዓዝ እናቱን ቀና ብሎ አያትና፣ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ፤ ያውም በአማርኛ።

ልጆቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ እረፍቱም ገበያ ሆነ። ጋሽ ሽባባው መሐላቸው ተቀምጠው የደች እንቆቅልሽ ይጠየቃሉ፤ አንዱንም አይመልሱም፤ መልሱ ሲነገራቸው ከልጆቹ በላይ ይስቃሉ። ቢሊያርዱ ሌላ ክፍል ፈለገ።

በጸደይ አንድ ቅዳሜ፣ ሁለታችን ከክፍሉ በር ውጭ ቆመን ስለ ፈተና ስንነጋገር ጋሽ ሽባባው ድንገት እጅጌዬን ጨመደዱ። ከውስጥ የሊና ድምፅ ይሰማል።

«አባቴ ሒሳብ ሲያስተምር ሒሳቡ ራሱ ግራ ይገባዋል!»

«ከዚያ ‹ወደ ቤቴ ውሰዱኝ› ብሎ ያለቅሳል!» ሲል ሙዓዝ ተቀበላት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማንም በአማርኛ ተናገሩ አላላቸውም። ጋሽ ሽባባው ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ሰማህ? ሰማህ ኢንጂነር? እንኳን ደስ አለህ!»

«በእኔ እኮ ነው የሚቀልዱት!»

«ታዲያ በማን ይቀልዱ?» ብለው በሩን ሊከፍቱ ተንደረደሩ። «አንድ ጊዜ ድገሙት ልበላቸው!»

ኮታቸውን ያዝኩ።

«ይተዉአቸው፣ ጋሽዬ። እረፍት ላይ ናቸው።»

እንደዚያው ኮታቸውን እንደያዝኩ፣ ሁለት ሽማግሌ መስለን በሩ ሥር ቆመን፣ በእኔ የሚሳቀውን ስናዳምጥ ደወሉን መደወል ረሳን።