ከሊቀ ጆሮ ድምፅ ሥር

ሊቀ ጆሮ ሊፈቱት የተነሡት ችግር አንድ ነበር፤ ሰው መጥፎ ዘፈን ለምን ይወዳል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እሳቸው ግን እንደ ቀላል አላዩትም። ገና ጢማቸው በቅጡ ሳይበቅል፣ በሁለተኛ ዓመት ተማሪነታቸው፣ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ወደ ተማሪዎች ሬዲዮ ጣቢያ ገቡ። ለዲግሪያቸው እንኳ ያን ያህል አልተጨነቁም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት የተማሪ ሬዲዮ በምድር ላይ የለም። ጣቢያው ቴክኒሻን ላይኖረው ይችላል፤ ማይክሮፎኑ በፕላስተር ታስሮ ሊሆን ይችላል፤ አድማጩም ከካፌው አስተናጋጅና ከበሩ ጥበቃ ላያልፍ ይችላል። ሙዚቃን ከነፍሱ አብልጦ የሚወድ፣ አንድም ዘፈን ግን የማይወድ ሰው አይጠፋበትም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ ተቀምጦ፣ ሳትጠይቁት፣ "ይሄ ልጅ እኮ ከመጀመሪያው አልበሙ በኋላ አለቀለት" የሚላችሁ እሱ ነው። ግብዣ ላይ ሁሉም ሲጨፍር ጥግ ይዞ፣ ከበሮው ዘገየ ብሎ ብቻውን የሚብከነከነውም እሱ ነው።

የእኛውን "ሊቀ ጆሮ" ብለን የሾምናቸው እኛው ነን፤ አንቱታውንም የጨመርንላቸው እኛው ነን። እኔ በዚያ ጣቢያ የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ የምቀመጥ ተማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ዘፈን ማስገባት፣ የአድማጭ ስልክ ማገናኘት፣ እንዲሁም ሊቁ ሲቆጡ ማይክሮፎኑ እንዳይጮህ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ነበር። ስቱዲዮአችን ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ያለ የቀድሞ ዕቃ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈናል፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ። ሰው ደረጃውን በሮጠ ቁጥር ግን ጣሪያው ይደልቅ ነበርና፣ በፕሮግራማችን ውስጥ ያለማቋረጥ ነጎድጓድ ይሰማል።

የምርመራ ዘዴያቸውን ልግለጽላችሁ፤ በእውነት የሚያስደንቅ ነበር። አዲስ ዘፈን ሲመጣ በመጀመሪያ ስቱዲዮ ውስጥ ከፍተው ይተዉትና ኮሪደር ወጥተው በሩን ይዘጋሉ። ከዚያ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ። ምክንያታቸው ይህ ነው፤ ግድግዳ ቃሉን ያስቀራል፣ ዜማውን ብቻ ያሳልፋል። ያኔ ዘፈኑ ልብሱን አውልቆ ይመጣል፤ አጥንት ካለው ይታያል፣ ከሌለውም ይታያል። ሁለተኛው ደረጃ ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጎ መስማት ነው፤ ጩኸት ብዙ ኃጢአት ይሸፍናልና። ሦስተኛው ዋናው ነው። እንደ ወተት ሁሉ እያንዳንዱ ዘፈን የሚበላሽበት ቅጽበት አለው ብለው ያምኑ ነበር። ያቺን ቅጽበት እስኪያገኙ እየመለሱ ይሰሙታል። ሲያገኟት የቀኝ እጃቸውን ጣት ያነሡና በእርጋታ ይፈርዳሉ፤ "እዚህ ጋ ሞተ።"

ይህችን ቃል ያልሰማ ተማሪ አልነበረም። የልደታቸው ዕለት የዶርም ጓደኞቻቸው ኬክ ይዘው መብራት አጥፍተው ቢዘፍኑላቸው፣ ሁለተኛው መሥመር ላይ ጣታቸውን አነሡ። ዘማሪዎቹም ሻማው ኬኩ ላይ እየቀለጠ የት ላይ እንደሞቱ ተብራራላቸው። አንድ ቀን ደግሞ ፀጉር ሊስተካከሉ ሄደው ሬዲዮው ላይ በተከፈተ ዘፈን ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተጣሉ። ሰውየው መቀሱን አስቀምጦ፣ "ወንድሜ፣ ወይ ዘፈኑን ተው ወይ ፀጉሩን ተው" ቢላቸው ፀጉሩን ተዉ። በግማሽ የተስተካከለ ራሳቸውን ይዘው ክፍል ገቡ፤ በሁለቱ የጭንቅላታቸው ጎኖች መካከል የአንድ ወር ልዩነት ይታይ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ ዘፈን ወጣ። ካፌው ውስጥ እሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ እሱ፣ የሰው ስልክ ሲጠራ እሱ። አዝማቹ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ያው ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ሊቀ ጆሮ ሙሉ የሐሙስ ፕሮግራማቸውን ሰጡት። ማርሽ እንደማይቀየርለት መኪና እዚያው በዚያው የሚያጓራ፣ አድማጩን እንደ ሕፃን የሚያባብል ዘፈን ነው አሉ። ሌሎች ዘፈኖች መሃል ላይ ነው የሚሞቱት፤ ይሄ ግን ሞቶ ነው የተወለደው ብለው ደመደሙ። ወዲያው ስልኩ ጠራ። አገናኘሁ።

የወጣት ወንድ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ ትሕትና ያለው። ሊቁን በድምፃቸው ብቻ ስለሚያውቃቸው ሽማግሌ መስለውት "ጋሼ" ነበር የሚላቸው።

"ጋሼ፣ ዘፈኑ መጥፎ ነው። በእሱ ተስማምተናል። ግን ያጫውቱልኝ።"

ከዚያ ሳል ተከተለ፤ ረጅም፣ ከሥር የሚመጣ ሳል። ሊቀ ጆሮ እስኪያበቃ ጠበቁና ፍርዳቸውን ሰጡ፤ "ወዳጄ፣ ሳልህ ከምት ወጥቷል።" ልጁ ሳቀ። "ከበሮ መቺዬ አዲስ ነው ጋሼ" አለ።

በየሐሙሱ ደወለ። ሊቁ መጥፎነቱን በአዲስ ማስረጃ ያስረዱታል፤ እሱ ይስማማል፤ ከዚያም ያጫውቱልኝ ይላል። ሊቁን ያበገናቸው መስማማቱ ነበር። የሚከራከራቸውን መርታት ይችላሉ፤ እየተስማማ እሺ የማይላቸውን ሰው ግን ከየት ይዘው ይጣሉት? ስለዚህ ማቋረጥ ጀመሩ። ልጁ አፉን ሲከፍት እሳቸው ይገቡበታል። አንድ ጊዜ ለእናቱ ሰላምታ ላቅርብ ብሎ ሲጀምር፣ ሰላምታ የሚቀርበው ሌላ ፕሮግራም ላይ ነው ብለው ገቡበት። ካፌ ውስጥ ያለው ተማሪ ይህን ለመስማት ማንኪያውን ያስቀምጥ ነበር ይባላል። "ባለ ሳሉ" ብለን ስም አወጣንለት።

ከዚያ መደወሉን ተወ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሊቀ ጆሮ ስልኩን ሲያዩ አየኋቸው። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ግን ማይክሮፎኑን ወደራሳቸው ሳብ አድርገው ድላቸውን አወጁ። በክርክር ዝም ያለ የተረታ ነው አሉ፤ ባለ ሳሉ ወዳጃችንም በመጨረሻ ጆሮ አበቀለ። ለመታሰቢያም ዘፈኑን አስጀምረው መሃል ላይ ጣታቸውን አነሡልኝ፣ እኔም አቋረጥኩት። ያን ዕለት ብዙ አድማጭ እየሳቀ ደወለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአንቱታ ልነግራችሁ አልችልም። አንቱ ያልነው ለቀልድ ነበር።

አንዲት ሴት መጣች። ከግቢው ጀርባ ባለው ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ፣ እጅጌዋ ላይ የክር ቁራጭ የቀረባት። የፕሮግራሙ ሰዓት ገና ነበር። በሩ እንደ ልማዱ አልከፈት ብሏት በትከሻዋ ገፍታ ገባችና፣ ጋሼ የሚባሉት የትኛው ናቸው ብላ ጠየቀች። ሊቀ ጆሮ ከወንበሩ ተነሣ። ሽማግሌ ጠብቃ ስለነበር ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አንተ ነህ?" አለች። "ከወንድሜ ታንሳለህ እኮ።"

ባለ ሳሉ ታናሽ ወንድሟ ነበር። እዚሁ ግቢ ምሕንድስና ይማር ነበር፤ ሳንባው እምቢ ሲለው አቋርጦ ቤት ተኛ። የጣቢያችን ሞገድ እነሱ ሰፈር ድረስ ይደርስ ስለነበር ሐሙስ ሲመጣ ሬዲዮኑን ትራሱ ላይ ያስቀምጡለታል። ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል። ያንን የድል አዋጅ ሰምቶት እንደሆነ ሊቀ ጆሮ ጠየቃት። ባይጠይቃት ይሻለው ነበር።

ሰምቶታል። "ጋሼ ረቱኝ" ብሎ ሳቀ አለች፤ ደውዪልኝ ብሏት ደውላ ልትሰጠው ስትል፣ ለመናገር የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም።

ዘፈኑን ለምን እንደሚወደው የነገረችን ሳንጠይቃት ነው። አይወደውም ነበር። ትንፋሽ ሲያጥረው ይከፍቱለታል፤ አዝማቹ የት ላይ እንደሚመለስ ስለሚያውቅ እዚያ ላይ አየር ይስባል፣ ሲሄድ ያስወጣል። ሌላም ሞክረው ነበር። "ጥሩ የሚባሉትን ዘፈኖች ሁሉ ከፍተንለታል" አለች። "ይቀያየራሉ። መሃል ላይ ይጥሉታል።"

ሊቀ ጆሮ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ስንት ጊዜ ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የፈለገው መልስ እጅጌዋ ላይ ክር ያለባት ሴት አፍ ውስጥ ነበር። ጣቱን አላነሣም።

የመጣችው ግን ለወቀሳ አልነበረም። ፎቶ አለን አለች፤ ድምፁ ግን የለንም። እናታቸው ሬዲዮኑን ከፍታ ትጠብቃለች፤ እንደገና የሚደውል ይመስል። የጣቢያችሁ ቅጂ ካለ አንድ ሐሙስ ብቻ ስጡኝ ብላ ለመነችን። ኮምፒዩተራችን ቦታ ስለሌለው በየሳምንቱ በላዩ ላይ እንቀዳለን፣ አሮጌው ይጠፋል አልኳት። ይህንን ስናገር ሊቀ ጆሮ ግድግዳው ላይ ያሉትን ካርቶኖች ያያል። ሁለታችንም የምናውቀው ነገር ነበር፤ እሱ የፕሮግራሙን ቅጂ በየሳምንቱ በፍላሽ ይወስዳል።

ምን እንደሚያደርግበት በደንብ ላስረዳ። ቤቱ ሄዶ "ያጸዳዋል"። ዘፈኑን ቆርጦ ያወጣል፣ ማስታወቂያውን ያወጣል፣ የደዋዮችን ድምፅ ያወጣል። የሚቀረው የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። ለመጪው ትውልድ የተዘጋጀ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊቀ ጆሮ የሚናገርበት፣ ማንም የማይመልስበት የብዙ ሰዓት ስብከት። የወጣውንም አያስቀምጥም።

እኔ ዝም ቢል አልፈርድበትም ነበር። የለንም ተብላለች፤ አመስግና ልትወጣ ነበር።

"እህቴ፣ እኔ ጋ ነበር" አላት። "ቆርጬ ጣልኩት።"

አልጮኸችም። "ሁሉንም?"

ያኔ የነገራትን እኔም ከእሷ ጋር ነው የተረዳሁት። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ድምፃቸው ተደራርቦ ይቀዳል፤ የአንዱን ቆርጦ የሌላውን ማስቀረት አይቻልም። ስለዚህ ልጁ ብቻውን የተናገረበት ሁሉ ጠፍቷል። ሊቀ ጆሮ ያቋረጠበት ቦታ ግን፣ የራሱን ቃል ላለመጣል ብሎ፣ ሳይነካ ቀርቷል። ከዚያ ልጅ የተረፈው ያልተከበረበት ቦታ ብቻ ነው።

"ትንሽ ነው የሚሆነው" አላት። "ሳል፣ ግማሽ ቃል።"

"እናቴ ሳሉንም ትወስደዋለች" አለች።

ይኸው ከዚያ ወዲህ የሐሙስ ፕሮግራም ዘፈን ብቻ ነው። ትችት የለም። አድማጮች ሊቁ የት ገቡ ብለው ይደውላሉ፤ ሥራ ላይ ናቸው እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ስቱዲዮው ባዶ በሆነ ጊዜ ሁሉ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ እዚያ ጥግ ይቀመጣል። ዘዴ አውጥቷል፤ ያለ ዘዴ መኖር አይችልም። የእሱ ድምፅ ወፍራም ነው፣ የልጁ ቀጭን፤ ስለዚህ ከቅጂው ላይ ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ በትንሽ እያወረደ ከሥሩ የሚቀረውን ያደምጣል። ያንን ሁሉ ለትውልድ ያዘጋጀውን ንግግር በገዛ እጁ እያፈነ ማለት ነው። እስካሁን የሳቅ ጭራ አግኝቷል። "ተስማም—" የሚል አለ። ሳል ብዙ ነው፤ አንዱንም አልጣለም። ከበሮ መቺው አዲስ መሆኑ ግን የለም፤ ያን ጊዜ አላቋረጠውማ።

አሁን የሚፈልገው ልጁ ለእናቱ የጀመረውን ሰላምታ ነው። እንደገባበት ያስታውሳል፤ የት ላይ እንደገባበት ግን እርግጠኛ አይደለም። ልጁ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ከሆነ ሰላምታው ተቆርጦ ተጥሏል። ገና ሲጀምር ከሆነ አለ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የዚያን ዕለት ከሁሉ የባሰ ባለጌ ሆኖ እንዲገኝ ቀን ከሌት የሚጸልይ ሰው።

ፀጉሩ አድጓል፤ በሁለቱም ጎን እኩል። ሻይ አመጣለታለሁ፣ ሳይጠጣው ይቀዘቅዛል። ከጎኑ ስቀመጥ "አትተንፍስ፣ ትረብሸኛለህ" ይለኛል፤ እኔም እንደ ቂል ትንፋሼን እይዛለሁ። ቀድሞ ቢሆን ጥዬው እወጣ ነበር። አሁን ግን ክፍል ቀርቼም እመጣለሁ። ያንን ሁሉ ዘፈን ገድሎ ያልደከመ ጆሮ አንድ ሳል እንዳያመልጠው ሲንቀጠቀጥ ማየት፣ ምን ልበላችሁ፣ ይይዛል።

ዛሬ ከሰዓት ደረጃው ላይ ሰው ሲሮጥ ጣሪያው ደለቀ። ፊቱን አጨማደደ፣ ወደኋላ መለሰው፣ እንደገና ከፈተው። ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ አውጥቶ ሰጠኝ። "ሰላምታ የሚቀርበው ሌላ ፕሮግራም ላይ ነው" የሚለው ድምፁ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ከሥሩ የሆነ ነገር አለ። ለእኔ ትንፋሽ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ከቃል በፊት የሚሳብ ትንፋሽ።

እሱ የቀኝ እጁን ጣት አነሣ። የማውቃትን ቃል ጠበቅሁ።

"እዚህ ጋ አለ" አለና ወደኋላ መለሰው።