ባቄላው በሳይንስ እንደዳነ

ሳይንስ ወደ ተቋሙ የገባው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት እዚያ ግቢ የነበረው ምርምር ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ያን ያህል አልነበረም።

ዋና ዳይሬክተሩ ከሥልጠና እንደተመለሱ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ሳይንስ ያልሆነ ነገር የለም!» ሲሉ አበሰሩ። «ማስተዳደር ሳይንስ ነው። መጥረግ ሳይንስ ነው። በር መጠበቅ ራሱ ሳይንስ ነው።» ዘበኛው ይህን ሲሰማ ኮፍያውን አስተካከለ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጽዳት ክፍሉ የንጽህና ሳይንስ፣ ሻይ ቤቱ የትኩስ መጠጦች ሳይንስ ሆኖ በየበሩ ሰሌዳ ተሰቀለ። ያለ ሳይንስ የቀረው ቤተ ሙከራው ብቻ ነበር። ሰሌዳ አልቆ ነው አሉ።

እዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት ተመራማሪ ባቄላ በጣሳ በጣሳ ዘርታ፣ ካበቀለች በኋላ ውሃ ነስታ፣ ድርቅ የሚችለው የትኛው እንደሆነ ስትጠብቅ ወራት አልፈዋል። አብዛኛው ደርቋል። በመስኮቱ በኩል ያሉት ጥቂት ጣሶች ግን ውሃ የሚባል ሳይቀምሱ ለምለም ናቸው፤ ፍሬያቸው ሊደርስም ትንሽ ቀርቶታል። ያ ፍሬ ዝናብ ለከዳው ገበሬ የሚሰጥ ዘር ነው። እስከዚያው የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ማንም እንዳይነካባት።

ረቡዕ አትክልተኛው ነጭ ጋዋን ለብሶ ከች አለ።

«አንተ! ጋዋኑን ከየት አመጣኸው?»

«ካንቺ መስቀያ። የአረንጓዴ ልማት ሳይንስ ኃላፊ ሆኛለሁ።» ጣሶቹን አየ። «ውይ! እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«ሆን ብዬ ነው ያስጠማኋቸው።»

«ምን አደረጉሽ?»

«የሚተርፈውን ለማየት ነው እንጂ ምን ያደርጉኛል!»

«ይሄማ ሳይንስ አይደለም፣ እህቴ፤ ጭካኔ ነው።»

እየበረረች ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። እሳቸው በትዕግሥት አዳመጧት፤ ትዕግሥትም ሳይንስ ነው።

«የሙያ ድንበር ይከበር፣ ልጄ። ተክል የአረንጓዴ ልማት ነው። ያንቺ ምንድን ነው?»

«ባቄላው።»

«ባቄላ ተክል አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«በቃ፣ ተግባባን።»

ቤተ ሙከራውን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ሄደች። ዘበኛው ግን ትርፍ ቁልፍ ነበረው፤ አሁን ደግሞ የመግቢያና መውጫ ሳይንስ ባለሙያ ስለሆነ በር ተዘግቶ ሲያይ ሙያው አላስቻለውም።

ዓርብ ስትመጣ ክፍሉ ባዶ ነው። ጣሶቹ እንግዶች በሞሉት አዳራሽ መድረክ ላይ ሪባን ታስሮላቸው ተደርድረዋል። አትክልተኛው የደረቁትን ነቅሎ ከግቢው ባመጣው ባቄላ ተክቷል፤ አፈሩ ጭቃ እስኪሆንም አጠጥቷል። የሷ የትኛው እንደሆነ እሷም መለየት አቃታት።

«ክቡራን እንግዶች፣» አሉ ዳይሬክተሩ፣ «ድርቅን ድል ያደረገው ባቄላ እነሆ! አንድም አልሞተም!»

ከእንግዶቹ አንዷ ምስጢሩ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ማይክሮፎኑ ለተመራማሪዋ ተሰጠ።

«ውሃ፣» አለች።

 አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ሰኞ ቤተ ሙከራው በመጨረሻ ሰሌዳ አገኘ፤ የውሃ ሳይንስ ዳይሬክቶሬት። አትክልተኛው ዳይሬክተር ሆነ። ተመራማሪዋም በግኝቷ ተመስግና የማጠጫ ባልዲ ተሰጣት። ጣሶቹም ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

ባልዲዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ቧንቧው የለም።

«ለጥናት ፈታነው፣» አለ አዲሱ ዳይሬክተር፣ ቱቦውን በጋዋኑ እየወለወለ።

«መቼ ይገጠማል?»

«መግጠም እንኳ ሌላ ሳይንስ ነው። ዳይሬክቶሬቱ ገና አልተቋቋመም።»

«ቶሎ ይቋቋማል?»

«ኧረ የት ተደርሶ!»

ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ጣሶቹ ፊት ለፊት ባዶ ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበትና፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠወልግ መጠበቅ ጀመረች።

በተቋሙ ምርምር እንደገና የተጀመረው እንዲህ ነው።