የመሪጌታ ቤት ምርጫ

[አርብ ገበያ፣ ከገበያው ዳር። በረከት ዩኒቨርሲቲ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ አውራ ዶሮውን እንኳ «ማን መርጦህ ትጮኻለህ?» የሚል ሰው ሆኗል። ስማዳ ላለችው ትርሲት ልቡ ጠፍቷል፤ ግን «ያልተመረጠ ሽማግሌ አልልክም» ብሎ፣ አገሩ ሁሉ ቂል የሚለውን ጓደኛውን ጥላዬን «የምርጫ ታዛቢ» አድርጎ ወደ አባቷ ወደ መሪጌታ ወርቅነህ ልኮታል። ጥላዬ አቧራ ለብሶ መመለሱ ነው።]

በረከት፦ ቆመህ ነው የተናገርከው፣ ተቀምጠህ?

ጥላዬ፦ ቆሜ።

በረከት፦ ቆሞ የሚናገር ሽማግሌ ነው! ታዛቢ ይቀመጣል አላልኩህም?

ጥላዬ፦ ኋላማ ተቀመጥሁ። እንጀራ ሲቀርብ ቆሞ መታዘብ አይመችም።

በረከት፦ ተወው። መልእክቴን አደረስክ?

ጥላዬ፦ ቃል በቃል። «መሪጌታ፣ አባት ነኝ ብለው ልጅ መዳር አይችሉም፤ ማንም አልመረጠዎትም» አልኋቸው።

በረከት፦ ምን አሉ?

ጥላዬ፦ አማተቡ።

በረከት፦ ይለምዱታል! እንዲህ ያለ ቤት ዝም ሲባል ነው ዓለም የተበላሸው።

ጥላዬ፦ እኔማ ብዬህ ነበር። ጎረቤት አይነኩ፣ ልጃቸውን ሳያማክሩ አይድሩ፤ በወጋቸው ይኑሩ፣ ቻላቸው ብዬ።

በረከት፦ ማማከር ምርጫ አይደለም! ድምፅ ተሰጠ ወይ?

ጥላዬ፦ ተሰጠ። ላንተ ባቄላ፣ ለሌላኛው ሽምብራ፤ እንስራ ውስጥ።

በረከት፦ የምን ሌላኛው?

ጥላዬ፦ «አንድ ሰው ብቻውን የሚወዳደርበት ምርጫ አይባልም» ብለህ አስጠንቅቀኸኝ የለም? መንደሩን ብዞር ያላገባ ጠፋ። እኔው ገባሁልህ።

በረከት፦ አንተ?!

ጥላዬ፦ ለሕጋዊነቱ ነው።

በረከት፦ [እየሳቀ] መቼም በሰፊው አሸንፌሃለሁ።

ጥላዬ፦ መሀል ላይ ዶሮ እንስራውን ገለበጠችና ለቀመች...

በረከት፦ ድምፅ ተሰረቀ!

ጥላዬ፦ የለቀመችው ከሽምብራው ነው። እንዲያም ሆኖ ከባቄላው በለጠ።

[የበረከት ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ።]

በረከት፦ ትርሲትስ? እሷ ምን ጣለች?

ጥላዬ፦ ድምፅ ምስጢር ነው ብለኸኛል። [ዝቅ አድርጎ] ግን ባቄላውን ስትቆረጥመው አይቻለሁ።

በረከት፦ መሪጌታ ታዲያ አፋቸው ተለጎመ? የቤቱ ራስ አይደሉም? «በቃ፣ ለበረከት ነው» ማለት ያቅታቸዋል?

ጥላዬ፦ እሱን ነው ያሉኝ! «እኔማ ለበረከት ብዬ ቆርጬ፣ ቤቱንም አግባብቼ ነበር፤ ትርሲትም እሺ ብላ ነበር። ሥልጣን የለህም ካለኝ ምን ላድርግ?» አሉ። እሷ ደግሞ «አባቴን ያዋረደ እኔን ያከብራል?» አለች።

በረከት፦ [ጭንቅላቱን ይዞ] ሥልጣን አላቸው! ሙሉ ሥልጣን አላቸው! ተመለስና ንገራቸው፣ በእግዜር!

ጥላዬ፦ መመለሱንስ እመለሳለሁ። ግን «ያሸነፈው እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ» ተብያለሁ።

በረከት፦ እና?

ጥላዬ፦ እና ከኛ ሰፈር አንደበት ያለው አንተ ነህ። ሽማግሌዬ አድርጌሃለሁ።

በረከት፦ እኔን?! ማን መረጠኝ?

ጥላዬ፦ [ጋቢውን አውልቆ እያለበሰው] ማንም። እንግዲህ ቻለን ወንድሜ፣ ወጋችን ነው።