አባ ቃኘው የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በሸራ ጀልባ ባሕር ስለ ገቡበት ቀን

በዕብራውያን አቆጣጠር፣ በበጋው በአብ ወር በዐሥራ አምስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ አባ ቃኘው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በወጡ በሠላሳ ሁለተኛው ዓመት፣ ጡረታ በወጡ በአራተኛው ወር፣ ግራ ጉልበታቸው በታመመ በዘጠነኛው ዓመት፣ ይህ ታላቅ ነገር በእስራኤል አገር በናታንያ ባሕር ላይ ተፈጸመ።

እኒህ አባ ቃኘው፣ ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍልንና፣ ዐቃቤ ኆኅት ነበሩ፤ ይኸውም በማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ በር ላይ ቆመው የመንገደኛውን ቦርሳ ሁሉ የሚፈትሹ፣ ወታደሩን በሻሎም፣ አሮጊቲቱን በእንደምን አደሩ የሚያሳልፉ ጠባቂ ነበሩ። ነገር ግን ለዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ለማዓያን «በሸራ ጀልባ ባሕር አስገባሻለሁ» ብለው ሦስት ጊዜ ቃል ገብተው ሦስት ጊዜ አፍርሰዋል፤ አንዴ የታመመ ጓደኛቸውን በሥራ ተክተው፣ አንዴ በጉልበታቸው ምክንያት፣ አንዴም እንዲያው እንቅልፍ ጥሏቸው። ስለዚህ ማዓያን በሰፈራቸው በኪርያት ኖርዳው፣ በሕንፃው ደረጃ ላይ ቆማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«አባባ ያወራል እንጂ አይወስድም! ከእንግዲህ ነገ ቢለኝ ጫማዬን አላስርም!»

ይህ ቃል ከአባ ቃኘው አጥንት ገባ። በዚያው ማታም «ነገ» አሉ።

ወእምዝ፣ ከዚያም በማግስቱ፣ ሠራዊቱ ተነሣ። ከፊት አባ ቃኘው፣ ባለ ሰፊው ባርኔጣ፤ ቀጥላ ማዓያን፣ ገና ያላመነች፣ የአንድ እግሯን ጫማ ብቻ ያሰረች፤ ቀጥሎ ወንድሟ ራዝ፣ የስድስት ዓመት አርበኛ፣ የሚነፋውን የክንድ መንሳፈፊያ ከቤት ጀምሮ ያጠለቀ፤ በደጀንነትም የአባ ቃኘው ባለቤት ወይዘሮ በቀለች፣ እመቤተ ስንቅ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ አራት ፎጣና አንድ ጃንጥላ የተሸከሙ። በአውቶቡስ ተጉዘው፣ በጣቢያው በር የቀድሞ ባልደረቦችን ሰላምታ ተቀብለው፣ ከገደሉ አናት በተሠራው ሊፍት ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ።

በዚያም አሚት የተባለ የጀልባ አስተማሪ፣ የጎንደር ሰዎች ልጅ፣ አማርኛው ግማሽ በግማሽ ዕብራይስጥ የሆነ ጎልማሳ፣ ለአያትና ለሁለቱ ልጆች የመንሳፈፊያ ሰደርያ አልብሶ ዐወጀ፦

«ታክሺቩ፣ ስሙኝ! ነፋሱ ከባሕር ነው፣ ጥሩ ነው። ሸራው ሲዞር ሁላችሁም ጎንበስ ብላችሁ ወደ ጀልባዋ ሌላ ጎን ትሻገራላችሁ። የሚቆም የለም! እኔ በጎማ ጀልባ እከተላለሁ።»

ሕጉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ሕግ ነበረ። ወይዘሮ በቀለች እነዚህ ልጆች መናገር ከመጀመራቸው አስቀድሞ «ትልቅ ሰው ሲነሣ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ ከእጄ ዳቦ አይበላም» ብለው በቤታቸው ደንግገዋልና።

አባ ቃኘው መሪውን ይዘው፣ ወይዘሮ በቀለች ከዳር ቀርተው፣ ጀልባዋ ሸራዋን ነፍታ ገሠገሠች፤ ራዝ ሳቀ፤ ማዓያን ግን ለመሳቅ ገና አልፈቀደችም። በመጀመሪያው መዞሪያ ሸራው ዞረ፤ የአባ ቃኘው ጉልበት ጎንበስ በሉ ሲባል እንቢ አለ፤ እርሳቸውም ለመሻገር ተነሡ። አያት ተነሥተው ልጆች እንዴት ይቀመጣሉ? ማዓያንና ራዝም እንደ ሥርዓቱ እጃቸውን አጣምረው ብድግ አሉ። በዚያችም ቅጽበት ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ባርኔጣው ብቻውን ወደ ዳር ጉዞ ጀመረ።

ሰደርያው ሦስቱንም አንሳፈፋቸው። ከዳር ግን የወይዘሮ በቀለች አዋጅ በጃንጥላ ታጅቦ መጣ፦

«አንተ ሰውዬ! ልጆቹን ሳትይዝ እቤቴ እንዳትገባ!»

አሚት ጀልባዋን አቀናት፣ አንድ በአንድም አሳፈራቸውና «ዳይ፣ አባባ፣ ይበቃል። ወደ ዳር ልጎትታችሁ» አለ። ራዝ አለቀሰ። ማዓያን ግን ውሃ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ አያቷን ብቻ አየች። አባ ቃኘውም ያን አስተያየት ከደረጃው ላይ ያውቁታል። አሁን ቢመለሱ አራተኛ ነው፤ ከአራተኛው በኋላ ደግሞ የሚጠይቃቸው የለም። ስለዚህ ጨው ውሃውን ከጢማቸው ጠርገው የዘመናቸውን ታላቅ አዋጅ ዐወጁ፦

«ውሃ ላይ እስካለን ድረስ እኔ ብነሣ አትነሡ! ብወድቅም አትነሡ! የብስ ላይ እንደ ድሮው ነው።»

ራዝም እያለቀሰ አቤቱታ አቀረበ፦ «እማማ ዳቦ ትከለክለናለች!»

«የእኔን ትበላለህ!» የሚል ፍርድ ወጣ።

ዳግመኛ ዞሩ። ሸራው ሲመጣ እኒያ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚቀበላቸው፣ በአራት እግራቸው እንደ ሕፃን በሸራው ሥር ዳኹ። ልጆቹም ጎንበስ ብለው ተሻግረው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ሥር ደብቀው፣ በግድ ተቀመጡ። ጀልባዋ ቆመች፣ ተደላደለች፣ ሄደች። በሦስተኛው መዞሪያ ሳቁ አምልጧቸው ወጣ፤ አባ ቃኘውም እየዳኹ አብረው ሳቁ። ከዚያም መሪውን ለማዓያን ሰጥተው፣ የመመለሻ ምልክት የሆነውን ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ኳስ ዞረው ሲመለሱ፣ ማዓያን ነፋሱን በሚያሸንፍ ድምፅ ዐወጀች፦

«ነገም! አባባ፣ ነገም!»

ስለዚህ ይጻፍ፣ ይነበብም። ስድስት መቶ ሜትር ባሕር የተሻገሩ ብዙ ናቸው፤ ለሁለት ልጆች ብለው ሽበታቸውን ከጀልባ ወለል ያነጠፉ ግን አባ ቃኘው ናቸው። ዐቃቤ ኆኅት፣ ዐቃቤ ቃል፣ ድል አድራጊው ዳኺ፣ ስማቸው በናታንያ ዳርቻ ሁሉ ከፍ ይበል!

በማግስቱም ሄዱ፤ በዚያ በጋም አምስት ጊዜ። አባ ቃኘው በተከታዩ ዓመት፣ በክረምቱ በሽቫት ወር ዐረፉ። ማዓያን ከፋሲካ በኋላ አሚት ዘንድ ለጀልባ ትምህርት ተመዘገበች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትሄዳለች።