እንኮዬና የጭቃው በሬ

ለልጆች የሚጽፍ ሰው ሊፈራ የሚገባው ልጆችን አይደለም፤ አባቶቻቸውን ነው። ፎገራ ላይ ደግሞ፣ አባትየው ከብት ካለው፣ አለመጻፍም ይቻላል።

እኔ ግን ጻፍሁ። ያኔ ወረታ አስተማሪ ነበርሁ። በልብ ወለዴ የርብን ወንዝ ጠጥቶ የሚጨርስ ዘንዶ ይመጣል፤ የአገሩ ጎበዝ ጋሻውን ይዞ ይወጣና ጋሻውን ጥሎ ይመለሳል። በመጨረሻ ዘንዶውን የምትገጥመው እንኮዬ ናት፤ ቁመቷ ከእንስራ የማይበልጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ። ከጭቃ በሬ ሠርታ እፍ ስትልበት በሬው ይነሣል።

ለምን የሸክላ ሠሪ ልጅ? ክፍሌ ውስጥ አለሚቱ የምትባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ተጣበው ሲቀመጡ እሷ አንድ አግዳሚ ወንበር ለብቻዋ ይዛለች፤ ቡዳ ናት ትበላናለች ብለው አይጠጓትም። እናቷም ሰው ካልቀረባት ቤቷ ትዋል ብላ ልታስቀራት ነበር። በምክር ያልሆነልኝን በዘንዶ ልሞክር አልሁ።

አርብ አርብ ሳነብላቸው ሰነበትሁ። አንዱን አርብ ባላምባራስ አድማሱ ከቁሐር ሚካኤል በበቅሎ ደረሱ። ልጃቸው ደምሴ ተማሪዬ ነው።

«መምህር፣ ልጄ ሳድግ ሸክላ ሠሪ እሆናለሁ አለኝ» አሉ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው። «እናቱ ይኸው እንደ ተኛች ናት።»

ጀግናዋ የባለ ከብት ልጅ ትሁን፣ በሬውም የደኅና ሰው በሬ ይሁን ነው ነገሩ። ፎገራ በሬ አጥቶ ነው ወይ ጭቃ የሚነሣው? አለዚያ ለገዥው ይነግራሉ፤ እኔም እንጀራዬን ሌላ አገር እፈልጋለሁ። እስቲ መጀመሪያ ይስሙት ብዬ ለመንኋቸው።

ቦታ የነበረው አለሚቱ አጠገብ ብቻ ነው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ዘንዶው በሬው ላይ ሲጠመጠም ወደ መሐል ተጠጉ። የበሬው ቀንድ ሲሰነጠቅ የአለሚቱን እጅ ጨብጠው «ውጋው እንጂ!» ብለው ጮኹ። የቀረው ለሚመጣው አርብ ነው ብዬ እዚያ ላይ አቆምሁ።

«እስከ አርብ?» አሉኝ። «በጤናዎ ነው?»

ልጆቹ ባላምባራስ እንዳልተበሉ አዩ። በሚቀጥለው አርብ በዚያ ወንበር ላይ ግፊያ ሆነ፤ ደምሴ ቀድሞ ተቀምጧል፤ አለሚቱ ጠበበኝ ብላ ከሰሰች። ባላምባራስ ቦታ አጥተው በር ላይ ቆመው ሰሙ።

ዘንዶው ከሞተ በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ። «ጀግናዋስ ትሁን፣ አልቀየምም» አሉ። «ግን ጭቃውን ከማን መሬት ነው የቆፈረችው?»

አላሰብሁበትም አልኋቸው።

«እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ነው የከረምሁት» አሉ። «ከኔ ነው፤ ይጻፉልኝ።»