የገዳዩን ስም በቃለ ጉባኤ ስለ ማስፈር

የንባብ ዕቁባችን 3ኛ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ 9፡35 ተጀመረ። (ጸሐፊዋ 8፡50 ላይ ደርሳለች፤ ይመዝገብላት።)

ቦታ፦ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ከወ/ሮ ቶይባ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለው ክፍል። ነፋሱ አቧራ ስላስገባ በሩ ተዘጋ፤ ሙቀቱ ስለበረታ ተከፈተ፤ ከአጭር ክርክር በኋላ ገርበብ እንዲል ተወሰነ።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ሰይፈሚካኤል፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ሲሆኑ ዛሬም የእጅ ደወል ይዘው ይመጣሉ።
2. ወ/ሮ ቶይባ፣ ምክትል ሰብሳቢና የክፍሉ ባለቤት።
3. አቶ ጠሃ፣ አባል። ዱከም ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎችን ከአዳማ የሚያመላልስ ሚኒባስ አላቸው፤ ራሳቸው ይነዳሉ።
4. ሲስተር አያንቱ፣ አባል። ነርስ ናቸው።
5. ወ/ት ሊዲ፣ አባል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሰብሳቢው የልጅ ልጅና የመጽሐፉ ባለቤት።
6. ወ/ሮ ጥሩነሽ፣ ጸሐፊ። ሠላሳ አንድ ዓመት የችሎት ጸሐፊ የነበረች፤ ይህንን የምትጽፈው።

ያልተገኘ፦ የለም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ባይሟላ ለጸሐፊዋ በተሻላት ነበር።

የጉዳዩ አመጣጥ፦ ዕቁባችን በገንዘብ ሳይሆን በመጽሐፍ የሚጣል ነው። መጽሐፉ አንድ፣ አባላቱ ስድስት ናቸው። ዕጣ ይወጣል፣ ባለ ዕጣው ለአንድ ሳምንት ያነባል፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለቀጣዩ ያስረክባል። የዚህ ዙር መጽሐፍ «ጀልባዋ አልተመለሰችም» የተሰኘ የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ስምንት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ለጉብኝት ሐይቅ መሀል ወዳለ ደሴት ይሻገራሉ። ጀልባዋ ትሰወራለች፤ ኔትወርክ የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ከስምንቱ አንዱ ተገድሎ ይገኛል። ጸሐፊዋ የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ከጀርባ ሽፋኑ ነው ያገኘችው። የመጀመሪያው ተራ ለባለቤቷ ለሊዲ ሆነ፤ ከዚያ ሰብሳቢው፣ አቶ ጠሃ፣ ወ/ሮ ቶይባና ሲስተር አያንቱ በዕጣቸው አነበቡ። ጸሐፊዋ ስድስተኛ ወጥታ አምስት ሳምንት ጠብቃለች። ተራዋ ዛሬ ነው።

አጀንዳ 1፦ ጸሐፊዋ ሳታነብ ስለ ገዳዩ መወያየት ይቻል እንደሆነ

አቶ ጠሃ ቀድመው እጃቸውን አወጡ። መጽሐፉን አንብበው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይናገሩ በመቆየታቸው ሆዳቸው እንደተነፋ፣ ምግብ እንዳልተስማማቸው ገለጹ። ለተሳፋሪዎች ታሪኩን ጀምረው ዱከም ሲደርሱ ገና ስላልጨረሱ፣ አራት የፋብሪካ ሠራተኞች «መጨረሻውን ሳንሰማ አንወርድም» ብለው ቃሊቲ ድረስ እንደሄዱ ተናገሩ። ጸሐፊዋ ገዳዩን ነግረዋቸው እንደሆነ ጠየቀች። አቶ ጠሃ «ለተሳፋሪ ምን ይደበቃል?» ሲሉ መለሱ።

ጸሐፊዋ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ 7 አነበበች። አንቀጹ «የመጨረሻው ባለ ዕጣ አንብቦ እስኪጨርስ ስለ ፍጻሜው ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው» ይላል። አንድ ሳምንት ብቻ እንዲታገሷትም ጠየቀች።

ወ/ሮ ቶይባ ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው አሉ። ሰው ነገ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም፤ ጉዳዩን ሳንወያይበት አንዳችን ብንሞትስ ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ የሚሞተው ሰው ገዳዩን ቢያውቅ ምን እንደሚጠቀም እንዲያስረዱላት አመለከተች። ወ/ሮ ቶይባ «አንቺ ደግሞ ነገር ታከሪያለሽ!» አሉ።

ጸሐፊዋ እንድትወጣ ሐሳብ ቀረበ። ያለ ጸሐፊ የተደረገ ስብሰባ እንደማይጸና አስታወሰቻቸው። በዚህ ጊዜ ሲስተር አያንቱ ከቦርሳቸው ጥጥ አወጡ። ጸሐፊዋ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ለስብሰባ ሲመጣ ጥጥ መያዙ አስቀድሞ የታሰበበት ነገር መሆኑን ያሳያል ስትል ተቃውሞዋን አስመዘገበች።

ከረጅም ውይይት በኋላ የጸሐፊዋ ጆሮ በጥጥ ተደፍኖ ውይይቱ እንዲካሄድ በ4 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገችው ሊዲ ናት፤ ስብሰባው ከተጀመረ ጀምሮ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያ እያየች ነበር።

ከ10፡02 እስከ 10፡14 ያለው በዓይን ብቻ የተመዘገበ ነው። አቶ ጠሃ ተነሱ፤ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ወ/ሮ ቶይባ ጭናቸውን መቱ። ሲስተር አያንቱ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰብሳቢው ጣታቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ጠሃ በሁለት እጃቸው አንድ ረዘም ያለ ነገር አሳዩ። ጸሐፊዋ መቅዘፊያ ይሆን ብላ ማሰብ ስትጀምር ዓይኗን ጨፍናለች፤ ስለዚህ ከ10፡09 እስከ 10፡11 ያለው በዓይንም አልተመዘገበም።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊዋን ከንክኗታል። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድም ሰው አንድንም ሰው አልተቃወመም። አራቱ የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን እንኳ ያለ ጭቅጭቅ ወስነው አያውቁም።

አጀንዳ 2፦ ውይይቱን በቃለ ጉባኤ ስለ ማስፈር

ጥጡ ከወጣ በኋላ ሰብሳቢው ደወል ደወሉ። ይዘቱ ያልተመዘገበ ውይይት እንዳልተደረገ ስለሚቆጠር ጸሐፊዋ የተባለውን ሁሉ፣ የገዳዩን ስም ጨምሮ፣ እየተነገራት እንድትጽፍ አዘዙ።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

እንዲህም አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍርድ የምትተይበው እሷ ነበረች። ውሳኔው ከመነበቡ በፊት ታውቀው ነበር፤ ጠዋት ችሎት ገብታ ገና ተስፋ ከሚያደርጉ ሰዎች ፊት ለፊት እያወቀች ትቀመጥ ነበር። ማን እንደሚታሰር፣ ማን ልጁን እንደሚቀማ እያወቀች ጠረጴዛዋን አቀርቅራ ታይ ነበር። ጡረታ ስትወጣ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ሳምንት ሳታውቅ መቆየት። አምሯታል። ይህንንም በገዛ እጇ ጻፊ መባሉ ግፍ ነው አለች።

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ።

ወ/ሮ ቶይባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ታዲያ እንዲህ ካማረሽ እንደ ዕቁብ ወግ ለምን ዕጣ አልለመንሽም ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ዕጣ የሚለመነው ሠርግ ወይም ሐዘን ሲገጥም እንደሆነ፣ «ገዳዩን ሳላውቅ ማንበብ አማረኝ» ብሎ ሰው ፊት መቆም እንዳሳፈራት መለሰች።

ሲስተር አያንቱ ስሙ በኦሮምኛ ቢነገርስ ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ አዳማ ተወልዳ በዚሁ ቋንቋ አፏን እንደፈታች መለሰችላቸው። ወ/ሮ ቶይባ ነገሩ ሳይከር በገዳዩና በሟች ቤተሰብ መካከል ሽማግሌ እንዲላክ ሐሳብ አቀረቡ። ሊዲ የገዳዩ ቤተሰብ የሚባለው የትኛው እንደሆነ በትህትና ጠየቀች።

ሰብሳቢው በትእዛዛቸው ጸኑ፤ አቶ ጠሃ ስሙን እንዲናገሩ ጋበዙ። አቶ ጠሃ በዕድሜ ሰብሳቢው ይቅደሙ አሉ። ሰብሳቢው ክብሩን ለሴቶች ሰጡ። ወ/ሮ ቶይባ ያነበቡት ከቆየ ስለሆነ ትኩሱ የሲስተር አያንቱ ነው አሉ። ሲስተር አያንቱ ነገሩን ለተሳፋሪ ተናግረው የለመዱት አቶ ጠሃ ናቸው አሉ። የገዳዩ ስም ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞሮ ማንም ሳይቀበለው ተመለሰ።

ጸሐፊዋ ይህን ዓይነት መግደርደር ታውቀዋለች፤ ምስክሮች ያላዩትን አየን ብለው ሲመጡ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ አራቱ ስሙን በየወረቀታቸው ጽፈው እንዲያጥፉ፣ ሊዲ ብቻ ገልጣ አንድ መሆን አለመሆኑን እንድትናገር ጠየቀች። አራቱም ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ሰብሳቢው ወደ አቶ ጠሃ ወረቀት አንገታቸውን ሲያሰግጉ ተይዘው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።

ሊዲ ወረቀቶቹን ገለጠች። ገልጣም መናገር አቃታት፤ ሳቋ እስኪበርድ ስብሰባው ለሦስት ደቂቃ ተቋረጠ። ከዚያ ሦስቱ ሦስት የተለያየ ስም እንደያዙ ተናገረች። አራተኛው ስም ስላልሆነ ይነበብ ተብሎ ተነቧል፤ በሲስተር አያንቱ እጅ «ሌሎቹ ያሉት» ይላል።

ሲስተር አያንቱ «ያ ዋቅ!» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። መጽሐፉ እሳቸው ጋ ሲደርስ የመጨረሻው ምዕራፍ አልነበረም። ተረኛ ባደሩበት ክፍል የጣሉት መስሏቸው ነርሶቹን ሁሉ መሳቢያ አስከፍተዋል። ወ/ሮ ቶይባም ደንግጠው፣ እኔ ጋ ነው የጠፋው ብዬ ሱቁ ውስጥ ያለውን ጣቃ በሙሉ ዘርግቼ አጥፌአለሁ አሉ። አቶ ጠሃ የሚኒባሱን ወንበሮች ነቅለው ፈልገዋል፤ ለተሳፋሪዎቹም ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ገዳይ እያደረጉ ሲነግሩ መሰንበታቸውን «ወላሂ፣ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው» በማለት አመኑ። ሰብሳቢው በረንዳ ላይ ሲያነቡ ነፋስ የወሰደባቸው መስሏቸው በነጠላ ጫማ አስፋልት ድረስ እንደተከተሉ በዝግታ ተናገሩ።

ጸሐፊዋ እንግዲህ ውይይት ውይይት ያላችሁት መጨረሻውን አንዳችሁ ከሌላችሁ ለመስማት ነበር ወይ ስትል ጠየቀች። ዝምታው እንደ አዎንታ ተመዝግቧል።

ሊዲ ምዕራፉን ቀድዳ ያስቀረችው ራሷ መሆኗን ተናገረች። አያቷ ማንኛውንም መጽሐፍ ከመጨረሻው ገጽ ስለሚጀምሩ ይህን እንኳ ከፊቱ ያንብቡት ብላ ነው። የጎደለ ነገር አለ ብሎ መጀመሪያ ለጠየቃት ሰው ልትሰጥ አስባ አራት ሳምንት ጠበቀች። ማንም አልጠየቀም። አያቷ «ፍጻሜው እጅግ አስተማሪ ነው»፣ ጋሽ ጠሃ «በጭራሽ አልጠረጠርኩም» አሏት። ወ/ሮ ቶይባ አለቀስኩ አሉ። ሲስተር አያንቱ ደግሞ መጨረሻውን ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት ነገሯት።

ሰብሳቢው ለምን አልነገርሽንም ብለው ተቆጡ። ሊዲ «ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አለች። ይሉኝታ ነው ለማለት እንኳ ይሉኝታ ያዛቸው።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሊዲ የታሸገ ፖስታ ከቦርሳዋ አወጣች። አራት እጅ ባንድ ጊዜ ተዘረጋ። ጸሐፊዋ አንቀጽ 7ን በድጋሚ፣ በዚህ ጊዜ ቆማ አነበበች። ሊዲ ፖስታውን ከመጽሐፉ ጋር ለባለ ዕጣዋ ሰጠች።

አቶ ጠሃ ቢያንስ መቅዘፊያ አለበት ወይ የሚለው ብቻ ታይቶ ይነገረን ሲሉ ለመኑ። ተቀባይነት አላገኘም። ሲስተር አያንቱ ጸሐፊዋ ፈጣን አንባቢ መሆን አለመሆኗን ጠየቁ። ጸሐፊዋ መነጽሯ አሮጌ ስለሆነ ቀስ ብላ እንደምታነብ አስረዳች።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ስለ ገዳዩ መወያየት የፈቀደው ውሳኔ፣ የጥጡ ውሳኔ፣ ስሙ ይመዝገብ የተባለው ትእዛዝና በሩ ገርበብ ይበል የሚለው ጭምር ተሽረዋል። ገዳዩ እንዳልተነሳ፣ ውይይቱም እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ጸሐፊዋ ሌሎቹን ምዕራፎች አንብባ ስትጨርስ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለሁሉም ጮክ ብላ ታነባለች፤ እስከዚያ ፖስታው እሷ ዘንድ ይቆያል። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አቶ ጠሃ ጸሐፊዋ ፖስታውን ብቻዋን ቀድማ እንደማትከፍተው በምን እናውቃለን ሲሉ ጠየቁ።

ጸሐፊዋ «አታውቁም» ስትል መለሰች።

ስብሰባው 11፡25 ላይ ተዘግቷል። የወጣ አባል ግን የለም። ጸሐፊዋ እዚያው ወንበሯ ላይ ምዕራፍ አንድን ጀምራለች፤ አምስቱም ወንበራቸውን ጠጋ ጠጋ አድርገው ፊቷን እያዩ ናቸው።